ከአንገት ወደ ደረት ስለሚወርደው መግል

ደዌ ሁሉ በገባበት በር ቢወጣ ኖሮ ለሐኪሙም ለሕመምተኛውም ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ዳሩ ግን በአንድ ስፍራ ተጀምሮ በሌላ ስፍራ ነፍስ የሚያጠፋ ሕመም አለና፣ ከእነዚህ አንዱ ከበሰበሰ ጥርስ ወይም ካመረቀዘ ጉሮሮ ተነሥቶ፣ አንገትን አሳብጦ፣ በአንገት ውስጥ ባሉት ክፍተቶች ቁልቁል ወርዶ ልብና ታላላቅ የደም ሥሮች ወዳሉበት የደረት መካከል የሚደርሰው መግል ነው። ሐኪሞች ያንን ስፍራ ሜዲያስታይነም ይሉታል። ሕመሙ ብዙ ሰው የሚይዝ አይደለም፤ የያዘውን ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሞት አፋፍ ያደርሰዋል። ስለ አያያዙም ባለፉት አርባ ዓመታት ገደማ በዓለም ቀዶ ሐኪሞች ዘንድ ሐሳብ ተለውጧል፤ ይኸውም አንገትን ብቻ ከፍቶ መግሉን ማፍሰስ እንደማይበቃ፣ ወደ ደረት የወረደውም ሳይዘገይ ተከፍቶ መጽዳት እንዳለበት ነው። ይህ ለውጥ ለአዲስ አበባው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ምን ያህል ይተርፈዋል የሚለውን እዚህ መመርመር ወድጃለሁ፤ ለእኔ እንደሚታየኝ የመዳንና ያለመዳኑ ነገር አብዛኛው የሚቆረጠው ሕመምተኛው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቱ በፊት ባሉት ቀናት ነውና።

የመግሉን ፍኖት ለመረዳት የአንገትን አሠራር በጥቂቱ ማየት ያስፈልጋል። በአንገት ውስጥ ጡንቻውን፣ የአየር ቧንቧውን፣ የምግብ መውረጃውንና የደም ሥሮቹን እየለዩ የሚሸፍኑ ስስ ሽፋኖች አሉ፤ በሽፋኖቹም መካከል በጤነኛ ሰው ዘንድ ባዶ የሚመስሉ፣ አንዱ አካል ከሌላው ጋር ሳይፋተግ እንዲንቀሳቀስ የሚያደርጉ ክፍተቶች ይገኛሉ። ምራቅ ስንውጥ ማንቁርታችን ከፍና ዝቅ የሚለው በእነርሱ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ለመዋጥ የተዘጋጀው ክፍተት መግል ካገኘው ለመግልም መሄጃ ይሆናል። ከአየር ቧንቧው ፊት ያለው ወደ ልብ ሽፋን ይወርዳል፤ በግራና በቀኝ ያሉት ታላላቆቹን የደም ሥሮች ተከትለው ይሄዳሉ፤ ከጉሮሮ በስተጀርባ ያለው ደግሞ በአከርካሪው ፊት ቁልቁል ይወርዳል፤ ከእርሱም ኋላ ሐኪሞች የአደጋ ክፍተት ብለው የሰየሙት አለ፣ ከራስ ቅል ሥር ተነሥቶ እስከ ድያፍራም ድረስ ያለ መሰናክል ይዘልቃል። መግል ወደ ደረት ሲወርድ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው በእነዚህ በኋለኞቹ በኩል ነው። ቁልቁል መውረዱ ብቻ አይደለም የሚረዳው። ሰው አየር በሳበ ቁጥር በደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚያንስ መግሉ ወደ ታች ይሳባል፤ እንግዲህ ለሕይወት የተሰጠው እስትንፋስ ራሱ ደዌውን ወደ ልብ አጠገብ ያቀርበዋል ማለት ነው።

ጥርስ ለዚህ ሁሉ ምክንያት መሆኑን ብዙ ሰው አያምንም። በታችኛው መንጋጋ ላይ ያሉት የኋለኞቹ ሁለት ጥርሶች ግን ሥራቸው የአፍን ወለል የሚሠራው ጡንቻ ከተያያዘበት መስመር በታች ስለሚወርድ፣ በሥራቸው የቋጠረው መግል አጥንቱን ሲበሳ ወደ አፍ ከመፍሰስ ይልቅ በቀጥታ ወደ አንገት ይገባል። የፊት ጥርስ ሲያመረቅዝ ድድ አብጦ፣ ፈንድቶ፣ ሰውየው ተፍቶት ሊያልፍለት ይችላል፤ የመጨረሻው መንጋጋ ሲያመረቅዝ ግን አፉ ውስጥ ብዙም የሚታይ ነገር ሳይኖር አገጩ ሥር ይጠነክራል። በመግሉም ውስጥ የሚገኙት ተሕዋስያን የአንድ ወገን አይደሉም፤ አየር የሚሹትና አየር የማይሹት ተባብረው ሥጋን ያበሰብሳሉ፣ አንዳንዶቹም ጋዝ ይፈጥራሉ፤ ስለዚህ አንገቱን በጣት ጫን ሲሉት ከቆዳው ሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር ከተሰማ ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው ከዚያ ነው።

የአፍ ወለልና የአንገት እብጠት ሰውን አንቆ እንደሚገድል የሽቱትጋርቱ ሐኪም ቪልሄልም ፍሬድሪክ ፎን ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 ጽፎ ነበርና ሕመሙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ አሜሪካዊው ኸርማን ፒርስ ከአንገት መግል የተነሣ ደረታቸው የታመመ የ110 ሰዎችን ታሪክ ሰብስቦ አሳተመ፤ ፔኒሲሊን ገና በሐኪም እጅ ባልገባበት በዚያ ዘመን ቀዶ ሕክምና ያገኙት ካላገኙት ይልቅ መዳናቸውን አሳየ። ፔኒሲሊንና ተከታዮቹ መድኃኒቶች ከመጡ ወዲያ ነገሩ የተቃለለ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን አሮን ኤስትሬራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ሕመሙ የሚለይባቸውን ምልክቶች ወስነው ባቀረቡ ጊዜ፣ መድኃኒቱ እያለም ከመቶው አርባ ያህሉ ይሞቱ እንደነበር ታወቀ። ይህ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚያስደንቀው ክፍል ነው። መግል የሞላበት ስፍራ ደም የማይደርስበት ስፍራ ነውና በደም የሚጓዝ መድኃኒት የሚገባበት መንገድ አያገኝም፤ ይህ በመጻሕፍት ሁሉ ተጽፎ ሳለ መርፌው ይሠራል ብሎ መጠበቁ ግን በሐኪሞች ዘንድ ለአርባ ዓመት ያህል ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ1990 ዊትሊና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሚሺጋን በአንገት በኩል ብቻ ማፍሰስ እንደማይበቃ በግልጽ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ኮርስተንና ጓደኞቹ ቀደም ሲል የታተሙትን ታሪኮች አንድ ላይ አድርገው ሲመዝኑ፣ አንገታቸው ብቻ ከተከፈተው ከመቶ አርባ ሰባቱ ሲሞቱ፣ አንገታቸውም ደረታቸውም ከጸዳው የሞቱት ከመቶ ዐሥራ ዘጠኝ ሆነው ተገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጃፓናዊው ኤንዶ መግሉ የአየር ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት በላይ መቆሙን ወይም ከዚያ በታች መውረዱን መለያ አድርጎ ደዌውን በደረጃ ከፈለው፤ ከላይ የቀረው በአንገት በኩል ሊጸዳ እንደሚችል፣ ከታች ለወረደው ግን በአንገት በኩል ብቻ ማጽዳት እንደማይበቃ አመለከተ። አሁን አሁን በበለጸጉት አገሮች ደረቱ በሰፊው ሳይቀደድ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ ማጽዳት ተለምዷል።

እነዚህን ቁጥሮች ሳነብ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ደረታቸው የተከፈተላቸው ሰዎች ያንን ታላቅ ቀዶ ሕክምና ይችላሉ ተብለው የተመረጡ ናቸው፤ የደከሙት ደግሞ ከመጀመሪያውም ሳይከፈቱ የቀሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንግዲህ በ47ና በ19 መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ የቢላዋው ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ታሪኮቹም ከየሆስፒታሉ በጥቂት በጥቂቱ የተለቀሙ ናቸው። ቢሆንም በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች ሳይመካከሩ ወደ አንድ ድምዳሜ መድረሳቸው ቀላል ነገር አይደለምና፣ መግሉ ከአንገት ግርጌ ማለፉ ከታወቀ ደረትን ሳይነኩ መቆየት በዛሬ ዘመን የሚከላከሉለት አቋም አይመስለኝም።

ከዓለሙ ነገር ወደ ኮልፌ እንመለስ፤ ኮልፌ ቀራንዮ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 428,895 ነዋሪ የተገኘበት፣ ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ሁሉ በሕዝብ ብዛት የሚቀድም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር፣ በቤቴል፣ በአየር ጤናና በካራ ቆሬ በኩል የተሠራውን ቤት ያየ ሰው ሕዝቡ ምን ያህል እንደበዛ ይገምታል። በዘነበወርቅ ያለው ዓለርት በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማገገሚያና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲቋቋም ሰው ከአጥሩ ይሸሽ ነበር፤ ዛሬ ልዩ ልዩ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ሆኖ የሰፈሩ ሰው ልጁንም እናቱንም ይዞ የሚገባበት ነው። ወደ ሰሜን ጥቂት ቢሄዱ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልና በእርሱ ሥር ያለው «አቤት» የተባለው የድንገተኛና የአደጋ ሆስፒታል ይገኛሉ፤ ወደ መሐል ከተማ ቢወርዱ የደረት ቀዶ ሐኪሞችን ሲያሠለጥን የኖረው ጥቁር አንበሳ ይገኛል። በርቀት ከሆነ እንግዲህ የኮልፌ ሰው ከብዙ የአገሬ ሰው የተሻለ ነው። ከመተማ ወይም ከዋግ የሚነሣው ሕመምተኛ መንገድ ላይ የሚያጠፋውን ቀን የኮልፌው ሰው በሰዓት ይጨርሰዋል። ታዲያ የኮልፌውስ ለምን ይዘገያል?

በአጠና ተራ ምሰሶና አጠና እየተሸከመ የሚያድር አንድ ጎልማሳ እናስብ። መንጋጋው ካመመው ሰንብቷል፤ ቅርንፉድ ነክሶበታል፣ አረቄም ተጉመጥምጦበታል። ሕመሙ ሲብስበት ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ፣ «እህቴ፣ ለጥርስ የሚሆን ነገር ስጪኝ» ይላል፤ እርሷም «ስንት ቀን ሆነህ ወንድሜ?» ብላ ትጠይቀውና አሞክሳሲሊንና ማስታገሻ ትሰጠዋለች። በክፉ ልብ አይደለም። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ለመቅረብ የቀን ሥራ መተው ያስፈልጋል፣ እርሷም የምታየው ሰው አሞታል። መድኃኒቱ ትኩሳቱን ያበርደዋል፣ ማስታገሻው ሕመሙን ያስረሳዋል፤ ሦስት ቀን ያህል ከሥራው አይቀርም። በዚያን ጊዜ ውስጥ ግን የጥርሱ ሥር እንደቋጠረ ነው፤ የጠፋው ነገር ቢኖር ሰውየውን የሚያስጠነቅቀው ሕመም ብቻ ነው። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን አገጩ ሥር ይጠነክራል፤ አፉን ከጣት ወርድ በላይ መክፈት ያቅተዋል፤ ምራቁን መዋጥ ስለማይችል በጨርቅ ይጠርጋል፤ ሲናገርም ድምፁ ትኩስ ገንፎ በአፉ እንደያዘ ሰው ይሆናል። አንገቱ ሥር የጀመረው መቅላት ወደ ደረቱ ከወረደ፣ ጀርባውን ወይም የደረቱን አጥንት ካመመው፣ መተኛት አቅቶት ቁጭ ብሎ ካደረ መግሉ ምናልባት ቀድሞት ወርዷል። የስኳር ሕመም ያለበት ከሆነ ሁሉም ነገር ይፋጠናል።

በሕፃናት ደግሞ ሌላ በር አለ። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ መንቀል በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ያለ ልማድ ነው፤ እንጥል አብጦ ሲፈነዳ ልጁን ይገድለዋል የሚል እምነት ስላለ፣ ወላጅ ልጁን ለመጉዳት ሳይሆን ለማዳን ብሎ ወደ ቆራጩ ይወስደዋል፤ የቆራጩም መሣሪያ በእሳት ያልጸዳ፣ ከአንዱ ልጅ አፍ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ሊሆን ይችላል። ደም መፍሰሱ ቶሎ ይታያል። ከጉሮሮው በስተጀርባ የሚቋጥረው መግል ግን ቀን ይወስዳልና፣ ልጁ አንገቱን ማዞር ሲያቅተውና ጡት ሲተው ሰዉ ከቁርጡ ጋር አያይዞ አያየውም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ላይ በደነገገው ምዕራፍ የሕፃን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልን በስም ጠርቶ ከሚያስቀጡት ተርታ አስገብቷል። ሕጉ መውጣቱ መልካም ነው፤ አንድ ጉዳት ግን አለው፣ ቅጣት የፈራ ወላጅ ልጁን ይዞ ሲመጣ ቁርጡን ይደብቃል፤ በዚህም ምክንያት ሐኪሙ የልጁን አፍ በአግባቡ አይመረምርም። በእኔ አስተያየት ነርሷ እናቲቱን ስትጠይቅ ፖሊስ እንደማትጠራባት አስቀድማ ብትነግራት ከብዙ ቅስቀሳ ይሻላል።

ስለ ጸበልም ዝም ማለት አይገባም፤ በአዲስ አበባ ጉሮሮው የታመመ ሰው ጸበል መጠጣቱ የተለመደ ነውና። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ ባስታወቁ ጊዜ በእንጦጦው የጸበል ስፍራ ብዙ ነፍስ ተርፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያ ምክር ለአንገት እብጠትም ይሠራል። የሚያስፈራው ጸበሉ ሳይሆን የሰባት ቀኑ ሱባኤ እስኪፈጸም መቆየቱ ነው፤ መዋጥ ላልቻለ ሰው ሰባት ቀን ረጅም ነው።

አሁን ሕመምተኛው ሆስፒታል ደረሰ እንበል። በመጀመሪያ የሚታሰበው መግሉ ሳይሆን እስትንፋሱ ነው፤ ይህን ሰው እንደሌላው በጀርባው አስተኝቶ ሰመመን መስጠት ሞቱን ማፋጠን ሊሆን ይችላል፣ ምላሱና ያበጠው ሥጋ ወደ ኋላ ወድቀው መተንፈሻውን ይዘጉታልና። ልምድ ያለው የሰመመን ባለሙያ ቁጭ እንዳለ ነቅቶ ሳለ ቱቦ ያስገባለታል፣ ያም ካልሆነ ስፍራውን ብቻ አደንዝዞ አንገቱ ላይ መተንፈሻ ይከፈትለታል። ከዚያ በመርፌ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል ይጀመራል፤ ከዚያም ሲቲ ስካን ይታዘዛል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ እወዳለሁ፤ የዓለሙ የሐሳብ ለውጥ ሁሉ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ የሚፈተነው እዚህ ነውና። ያበጠው አንገት ስለሆነ ትእዛዙ «አንገት» ተብሎ ይጻፋል፤ ምስል የሚያነሣው ባለሙያም የታዘዘውን አንሥቶ ከደረት አናት ጥቂት አለፍ ብሎ ያቆማል። መግሉ ከዚያ በታች ከሆነ አልታየም ማለት ነው። በማግሥቱ አንገቱ ተከፍቶ ብዙ መግል ይወጣል፤ ሕመምተኛው አንድ ቀን የተሻለው ይመስላል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ትኩሳቱ ይመለሳል፣ የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ ሁለተኛ ሲቲም ይታዘዛል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ተበላሽቶ ከሆነ ቤተ ዘመድ ገንዘብ አዋጥቶ በግል ያስነሣል። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ «አንገትና ደረት» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ይህ ሁሉ የሁለት ቀን መዘግየት ይቀር ነበር። ለዚህ አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም፤ ለአንገት መግል የሚታዘዝ ሲቲ ሁሉ እስከ ድያፍራም ይድረስ የሚል አንድ መስመር በድንገተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይበቃል። አንዳንዶች ይህ ብክነት ነው ይላሉ፤ ብዙው የአንገት መግል ወደ ደረት አይወርድምና። ትክክል ናቸው፤ አይወርድም። ነገር ግን ሰውየው በማሽኑ ላይ ተኝቶ ሳለ ዝቅ ብሎ ማንሣት የሚጨምረው ጥቂት ነው፣ ሁለተኛ ጊዜ መመለስ ግን ነፍስን የሚያስከፍል ሊሆን ይችላል። ሲቲ በሌለበት ስፍራ ደግሞ የአንገት የጎን ራጅና የደረት ራጅ አብረው ይነሡ፤ በአከርካሪው ፊት ያለው ሥጋ መወፈሩንና በውስጡ አየር መኖሩን ያሳያሉ፤ የደረቱ መካከል መስፋቱን ግን ራጅ የሚያሳየው ከረፈደ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ችግር የባለቤትነት ነው። ጥርሱ የጥርስ ሐኪም ነው፣ አንገቱ የአንገትና የጉሮሮ ሐኪም ነው፣ ደረቱ የደረት ቀዶ ሐኪም ነው፣ እስትንፋሱ የሰመመንና የፅኑ ሕሙማን ክፍል ነው፤ ሕመምተኛው ግን አንድ ነው። ሁሉም መልካም ሐኪሞች ሆነው ሳለ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሌሊቱ ያልፋል። የደረት ቀዶ ሐኪም በሌለበት ሆስፒታል ደግሞ ሪፈር ይጻፋል፣ የሚላክበት ቦታ ይደወላል፣ «አልጋ የለም» ይባላል። ይህን ቃል ያልሰማ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። በእኔ ግምት የደረት ሐኪም መጠራት ያለበት መግሉ ደረት ውስጥ ከታየ በኋላ ሳይሆን እብጠቱ ከአንገት አጋማሽ በታች ማለፉ እንደታወቀ ነው፤ ቢመጣና ሥራ ባያገኝ የሚጎዳ የለም። በውጭ አገር ጥሩ ውጤት ያስመዘገቡት ሆስፒታሎች የሚለዩትም በካሜራቸው ብቻ አይደለም፤ ሕመምተኛው ከተከፈተ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ሁኔታውን ሳይጠብቁ ዳግመኛ ሲቲ ያነሣሉ፣ የቀረ ካለም እንደገና ይከፍታሉ። እኛ ዘንድ አንድ ጊዜ የተከፈተ ሰው ድጋሚ መከፈቱ እንደ ውድቀት ይታያል፤ ቤተሰቡም «መጀመሪያ በደንብ አልሠሩትም» ብሎ ያማል። ለዚህ ደዌ ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው መክፈት የሥራው ክፍል ነው፣ ይህንንም ለቤተሰቡ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው አስተማማኝ የቀዶ ሕክምና መርሐ ግብር አስፈላጊና ድንገተኛ የሆነውን ቀዶ ሕክምናና ሰመመን በየሆስፒታሉ ለማስፋፋት የታሰበ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ኋላም ወደ አዲስ አበባ የደረሰው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም የቀን ሠራተኛውን ከዕዳ ለመጠበቅ ነው። ሁለቱንም አመሰግናለሁ። ለዚህ ሕመም ግን ሁለቱም የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ የአጠና ተራው ጎልማሳ በፅኑ ሕሙማን ክፍል ለሚተኛባቸው ሳምንታት ከሚወጣው ገንዘብ በጥቂቱ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ብዙ ጥርስ ሊነቀል ይችል ነበር። በደንቡ በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለአርባ ሺህ ሰው ይታሰባል፤ ከእነዚህ አርባ ሺህ አፎች ውስጥ የበሰበሰ መንጋጋ ያለባቸው ስንት እንደሆኑ መገመት አያቅትም፣ የጥርስ ሕክምና ወንበሩ ግን አንድ ቢገኝ ነው።

የዳነውም ሰው ቢሆን ጉዳዩ አላለቀም። ቱቦዎቹ ከደረቱ ወጥተው፣ በአፍንጫው ከሚገባለት ምግብ ወደ አጥሚትና ወደ ሾርባ ተሸጋግሮ፣ አንገቱ ላይ የተከፈተው ቀዳዳ ተዘግቶ ወደ ቤቱ ሲሸኝ፣ የመውጫ ወረቀቱ ላይ ስለ መድኃኒቱና ስለ ቁስሉ ማጠቢያ ቀን ይጻፍለታል። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ጥርስ ግን አፉ ስላልተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ሳይነቀል ቀርቶ ይሆናል፣ ኋላም የጥርስ ክፍሉ ሌላ ሕንጻ ውስጥ ስለሆነ ማንም ሳያስታውሰው ቀርቶ ይሆናል፤ እርሱም ሰፈሩ ገብቶ ወደ ምሰሶው ይመለሳል። ስለዚህ ከመሸኘቱ በፊት አፉን ከፍቶ መብራት ማብራትና፣ ጥርሱ ካለ እዚያው አልጋው ላይ ሳለ ማስነቀል ይገባል።